የአባባ ቤት ዜሮዎች

እህቴን ቤት ውስጥ «ባጭሩ» ነው የምንላት። ወሬ ሲረዝምባት ያማታል። ገና አፍህን ስትከፍት «ባጭሩ ምን ሆነ?» ትልሃለች። ሥራዋ ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የኢንተርኔት ድርጅት ውስጥ ኮድ ትጽፋለች፤ ረጃጅም የኔትወርክ አድራሻዎችን የሚያሳጥር ኮድ! ሲገጥም እንዲህ ነው። እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ ከሷ ሙያ ጋር ምንም አያገናኘኝም። ያንን ሳምንት ግን ሳልወድ በግዴ ገባሁበት።

እማዬ ልቧን ታማ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል ብለዋታል፤ እሷ ግን ያለ አባባ ቃል አልወስንም ብላ ድርቅ። አባባ ደግሞ ጆሮው አይሰማም። ስልክ ምንም አያደርግለትም፤ አመሻሽ ላይ በስክሪን ከንፈሯን እያየ ነው የሚያወራት። አንድ ቀን «ቀዶ ጥገናውን ላድርግ ወይስ ልመለስ? አንተ ንገረኝ» አለችው። አባባ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ስክሪኑ ድርግም።

ጠዋት ኢንተርኔቱ መጣ፤ ሆስፒታሉ ግን በስክሪን የሚያገናኘን አመሻሽ ላይ ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ፣ እማዬ ገና ብቅ ከማለቷ፣ እንደገና ጠፋ። በማግስቱም እንደዚያው። ኧረ ምን ጉድ ነው! ገመድ ቀየርኩ፣ የኢንተርኔቱን ሳጥን ነቅዬ ሰካሁ፣ ጣሪያ ላይ ሁሉ ወጣሁ። ጣሪያ ላይ ምን እንደምፈልግ እንኳ አላውቅም። እህቴ ከቢሮ ሆና «መስመሩ ጤነኛ ነው» ትለኛለች። አባባ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጦ «ምን አጠፋሁ?» ይላል።

እማዬ ደወለችልኝ።

«አባትህ ዘጋብኝ አይደል?»

«ኔትወርኩ ነው እማዬ!»

«ኔትወርኩ እኔን ሲያይ ብቻ ነው የሚጠፋው? ሲከፋው ፊቱን እንደሚያዞር አጣሁት?»

«እሺ እኔ ጠይቄው ልንገርሽ።»

«አይሆንም። ከራሱ አፍ ነው የምፈልገው።»

አባባን ብጠይቀው እሱም «ፊቷን እያየሁ ለራሷ ነው የምነግራት» ብሎ እምቢ አለኝ። ሁለት ግትር መሃል መግባት እንዴት ያናድዳል!

በንዴት እህቴ ቢሮ ሄድኩ። ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጣለች።

«የአባባን ቤት የምንዘጋው እኛው ነን» አለችኝ።

«ምን?»

«ሰሞኑን ውሉን አቋርጦ የሄደ አንድ ደንበኛ አለ። ሲስተሙ በየቀኑ አመሻሽ ላይ የለቀቁ ሰዎችን መስመር ይዘጋል። የሰውየውን ሲዘጋ የአባባም አብሮ ይዘጋል። ጠዋት ተረኛው ሠራተኛ የአባባ መዘጋቱን ያይና ይከፍተዋል።»

«አድራሻቸው አንድ ነው?»

«አይደለም! ሙሉውን ሳየው ይለያያል።»

«ታዲያ?»

«ግራ ገብቶኛል እኮ ነው የምልህ!»

ወረቀት አወጣችና ሁለቱን አድራሻዎች በረጅሙ ጻፈቻቸው። አድራሻ ማለት ስምንት ክፍል አለው አለችኝ። ተከታትለው የተደረደሩ ዜሮዎች ካሉ ይወጡና በቦታቸው አራት ነጥብ ይገባል። የአባባ ቤት ሁለት ቦታ ዜሮ ተደርድሮበታል፤ መጀመሪያ ሁለት፣ ወረድ ብሎ ሦስት። የሰውየው ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ወረድ ብሎ ሁለት። የሷ ኮድ ሁለቱንም ቦታ ያሳጥራል። ሌላው ቁጥር አንድ ስለሆነ፣ ሲያሳጥራቸው ሁለቱ ቤቶች ቁጭ አንድ ዓይነት ሆኑ፤ ሲስተሙ ደግሞ የሚያየው አጭሩን ነው። እርሳሷን ወረቀቱ ላይ እንደተከለች ቀረች።

«አንድ ቦታ ብቻ ነው ማሳጠር የሚፈቀደው» አለች። «ረጅሙን ብቻ። ሕጉን አውቀዋለሁ እኮ! ባጠረ ቁጥር ይሻላል ብዬ... እኔ ነኝ የዘጋሁባቸው።» እና አለቀሰች።

ግማሹ አልገባኝም። «በይ አስተካክይው፣ ሊመሽ ነው» አልኳት።

ረጅሙን የዜሮ ተርታ ብቻ እንዲያሳጥር አድርጋ ኮዱን አስተካከለችው። ሞከረችው፤ ሁለቱ ቤቶች ተለያዩ። ተያይዘን አባባ ጋ ሄድን። መስመሩ የሚዘጋበት ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ፣ ስክሪኑ አልጠፋም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

እማዬ የሆስፒታል ልብስ ለብሳ ብቅ አለች። አባባን ትኩር ብላ አየችው።

«ዝም ስትለኝ ጊዜ ዛሬ ጠዋት ለቀዶ ጥገናው ፈረምኩ» አለችው። «ነገ ይሠሩኛል።»

አባባ ጉልበቱን ይዞ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ዝም አላልኩም። ነይ ነው ያልኩሽ። ቢላ አይንካሽ፣ ቤትሽ ነይ ነው ያልኩሽ።»

እህቴ ክንዴን ጨመደደችው። ደስ ይበላት ወይስ ትዘን፣ እሷም አታውቅ እኔም አላውቅ። እማዬ የሆስፒታል ልብሷን አንገቷ ላይ ሰብሰብ አደረገች።

«እንኳንም አልሰማሁህ» አለችው።

አባባ ከንፈሯን በደንብ ነው ያየው። ግን ወደ እኛ ዞሮ «ምን አለች?» አለን።