ጀርባው ያልተለጠፈው ሰሌዳ

ሥራዬ መለጠፍ ነው። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎኝ እንዲህ ስመልስለት ግንብ ላይ ማስታወቂያ የምለጥፍ ይመስለዋል። ኧረ አይደለም! ሠዓሊዎች የሣሉበትን ሸራ ወይም ወረቀት እንዳይጨማደድና እንዳይቀደድ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ በኮላ አጣብቄ እሰጣለሁ። ዓባይ ማዶ ካለው ቤታችን ጓሮ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ፤ ኮምፔንሳቶው፣ የኮላው ባልዲ፣ ሮለሩ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ሁሉ እዚያ ነው። ባለቤቴ የፋብሪካ ቢሮ ሠራተኛ ነው። ሰው ሲጠይቀው «ሚስቴ ሠዓሊ ናት» ይላል፤ እኔ ደግሞ ከኋላው «ለጣፊ ነኝ» እላለሁ። አንድ መስመር አስምሪ ብትሉኝ ቀጥ አድርጌ አላሰምርም። መለጠፍ ግን እችላለሁ፣ በዚህ ማንም አይከራከረኝም።

ይህን የምጽፈው ግራ ስለገባኝ ነው። አንድ ሥራ አበላሽቻለሁ፤ ያበላሸሁት ረስቼ ይሁን አውቄ ግን አላውቅም። ሰው የራሱን ነገር እንዴት አያውቅም ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነው የምለው።

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በራችንን አንኳኩ። ሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት ከአንዱ ነው የመጡት፣ ሴት ከማይገባበት። በብብታቸው በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል። ገና ሳይቀመጡ «የሠዓሊው ልጅ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ነኝ አልኋቸው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ቤታችን ሐሙሲት ነበር፤ እሱ ለወራት ወደዚያ ገዳም ገብቶ ይቆይና ይመለሳል። ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ቤት ሲመጣ ዝም ነው። እኔና እናቴ ስንስቅ ከሰማ «ምን አገኛችሁ?» ይለን ነበር። ምንም አላገኘንም፤ ሳቃችንን እናቆማለን። አቡጀዲውን ሲያዘጋጅ ዳሩን እይዝለት ነበር፣ ኮላና ጨርቅ የለመድሁትም ያኔ ነው። ቤት ውስጥ ግን አይሥልም። አቡጀዲውን ይዞ ሄዶ እዚያ ይሥልበታል፤ የሣለው ሁሉ ገዳሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ እኔ ደግሞ ሴት ነኝ። ስለዚህ አንድም ሥዕሉን ሳላይ ሞተ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብባል፣ ጿሚ ነበር፣ ቁጡ ነበር፣ ከማለት በቀር የምጨምረው አልነበረኝም።

መነኩሴው ጥቅልሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነገሩኝ። ጣሪያው አፍስሶ ከአባቴ ሥዕሎች አንዱ ከመቅደሱ ግድግዳ ተላጦ ወድቋል። ጭቃው ላይ መልሰው ቢለጥፉት አይይዝም። «ሰሌዳ ላይ አድርጊልን፤ ሰሌዳውን እንሰቅለዋለን» አሉኝ። ቀጠሉና «ፎቶ ግን እንዳታነሺው ልጄ። ማኅበሩ ከቅጥሩ እንዲወጣ የፈቀደው በስንት ልመና ነው» አሉ። አላነሳም ብዬ ቃል ሰጠሁ። ቃሌን መጠበቄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ማን ያየኝ ነበር?

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ ስትሰደድ ነው። ዮሴፍ በትሩን ተደግፎ ከኋላ ይከተላል፤ ሰሎሜ ስንቁን ተሸክማለች። እስከዚህ ድረስ የትም ያለ ነው። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ሰሎሜ ከተሸከመችው ቅርጫት ውስጥ ዶሮ አለች። ከክዳኑ ሥር አንገቷን አውጥታ በአንድ ዓይኗ ዮሴፍን ታየዋለች፤ ዝግታው ያናደዳት ነው የምትመስለው። ሰሎሜ ያደረገችው ደግሞ በረባሶ ነው፣ የጎማ ጫማ! የአንዱ ማሰሪያ ተበጥሶ በገመድ ቋጥራዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐሙሲት ገበያ ሲጎርፉ በልጅነቴ ካየኋቸው ሴቶች አንዷን ቁጭ።

በስመ አብ አልሁና ሳቅሁ። ብቻዬን፣ ብሩሽ እንደያዝሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ ደነገጥሁ። ይሄ ማን ነው? ያ «ምን አገኛችሁ?» ባዩ ሰውዬ ነው ይህን የሣለው? እኛን ዝም አሰኝቶ፣ ሳቁን ሁሉ ተሸክሞ ሄዶ እኔ በማልገባበት ቦታ ነው የሚያራግፈው? ሞቶ እንኳ ተናደድሁበት። ደግሞ ደስ አለኝ። ደግሞ አሳዘነኝ። የትኛው እንደሚበልጥ እኔ እንጃ።

ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። «ዶሮዋን አየሃት?» አልሁት።

«አዎ፣ ዶሮ ናት» አለኝ።

ሥራው ከሳምንት አያልፍም ነበር፤ እኔ ግን አርባ ቀን አቆየሁት። መነኩሴው ሁለት ጊዜ ደወሉ። «ኮላው አልደረቀም አባ፤ የሐይቁ እርጥበት እኮ ነው» አልኋቸው። ኮላው ገና ከባልዲው አልወጣም! መነኩሴን ዋሸሁ። ጠዋት ጠዋት ሻዬን ይዤ እገባና ዶሮዋን አያለሁ፣ ጫማውን አያለሁ፣ የዮሴፍን ፊት አያለሁ። ዮሴፍ የሚስቁበት መሆኑን ያወቀ ሰው ይመስላል። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ከየት አመጣው? ማንን አይቶ ነው? ከማን ጋር ነበር የሚስቀው? በየቀኑ አንድ መልስ አገኛለሁ፣ በማግስቱ ያ መልስ አይጥመኝም። ሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ ድምፃቸው ደከም ብሎ ነበር። አፈርሁና «ሐሙስ ይምጡ» አልኋቸው።

ተነሥቼ ለጠፍሁት። መጀመሪያ ከሸራው ጀርባ የቀረውን የግድግዳ ጭቃ በደረቅ ብሩሽ ጠረግሁ። ኮላውን በውኃ አቅጥኜ ሰሌዳውን ቀባሁት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ከዚያ ወፍራሙን ኮላ በሮለር አዳርሼ ሸራውን ከመሃል ጀምሬ አሳረፍሁት፤ አየር እንዳይቋጠርበት ከመሃል ወደ ዳር በመዳፌ ገፋሁት። ዶሮዋ ላይ ስደርስ እጄን አቀለልሁ። ላስቲክ አለበስሁት፣ በላዩ ጣውላና ሁለት ጆንያ ጤፍ ጫንሁበት።

የዚህ ሥራ ትልቁ ነገር ግን ጀርባው ነው። ኮላ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ሰሌዳውን ይጎትታል። አንድ ወገን ብቻ ከለጠፋችሁ ሰሌዳው ቀስ እያለ ይጎብጣል፤ በተለይ ክረምት ሲገባ። ስለዚህ በዚያው ልክ የተቆረጠ አቡጀዲ ጀርባውም ላይ ይለጠፋል። ሁለቱ ወገን እኩል ሲጎትቱት ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ይኖራል። ይህን እንኳን እኔ ባለቤቴም ያውቀዋል።

ሐሙስ መጡ። ሰሌዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን እስከ ጀልባው ሸኘኋቸው፤ መረቁኝ። ጀልባዋ እስክትርቅ ቆሜ አየሁ። በማግስቱ ጠረጴዛዬን ሳጸዳ፣ ከመቀሴ ሥር፣ ለጀርባው በልኩ የቆረጥሁት አቡጀዲ በአራት ታጥፎ ተቀምጧል።

ወይኔ አልሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ስለጥፍ አንድ ቀን ጀርባ ረስቼ አላውቅም። ለክቼ ቆርጬዋለሁ። አጥፌዋለሁ። ማጠፍ ለምን አስፈለገኝ? የሚለጠፍ ጨርቅ አይታጠፍም፣ መስመር ይይዛል። ተቻኩዬ ነው? አዎ፣ ተቻኩያለሁ። ወይስ ከጎበጠ መልሰው ያመጡልኛል ብዬ ነው? እንደዚያ ብዬ ማሰቤን አላስታውስም። አለማሰቤንም አላስታውስም። ደግሞ የሚያሳፍረው ሌላው ነገር፣ ስልካቸው አለኝ። «አባ፣ ይመልሱት፣ አንድ ነገር ቀርቷል» ለማለት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ክረምቱ ገባ። አልደወልሁም።

የገዳሙ በዓል ቀን ባለቤቴን ይዤ በጀልባ ሄድሁ። ሴቶቹ ከወደቡ አናልፍም፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ወንዶቹን እንጠብቃለን። ከላይ ማኅሌቱ ይሰማል፣ በዛፎቹ መሃል የጉልላቱ ጫፍ ብቻ ይታያል። እሱ ሲወጣ «ሰሌዳውን ከጎን ሆነህ እየው፣ ከፊት አይደለም፣ ከጎን» ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጠበል ይዞ ወረደ።

«እህ?» አልሁት።

«ጥሩ ነው።»

«ምኑ ነው ጥሩው? ጎብጧል ወይ?»

«ጎብጧል ማለት?»

«ሆድ አውጥቷል ወይ ነው የምልህ!»

አሰበ። «ግድግዳው ራሱ ትንሽ ሆድ አለው» አለኝ።

«ከጎን አየኸው?»

«ሰው ብዙ ነበር። ሰው እየገፋኝ በየት ጎን ልየው?»

ወደ ሐይቁ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ስንመለስ ግን ቅር ያለኝ ስለ ምን እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ፤ ጎብጧል ስላላለኝ ነው ወይስ አልጎበጠም ስላላለኝ?

ከመስቀል በኋላ መነኩሴው መጡ። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እጃቸውን ነው። ባዶ ነው።

«ጎበጠ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «ከግድግዳው ይህን ያህል ለቀቀ» አሉና ስንዝራቸውን አሳዩኝ።

«ታዲያ ለምን አላመጡልኝም?» ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ደንገጥ አሉ።

«ማኅበሩ ድጋሚ አይወጣም አለ። ድሮ አናጢ የነበሩ አንድ አባት አሉን፤ እሳቸው ዳር ዳሩን በሚስማር መቱት። የሚስማሩ ራስ ጨርቁን እንዳይቀደው ከሥሩ የጠርሙስ ቆርኪ እያደረጉ ነው የመቱት፤ ይኸው ቀጥ ብሏል።»

ተቀመጥሁ። የሚስማር ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። «አባ፣ ጀርባውን ሳልለጥፍ ነው የሰጠሁዎት» አልኋቸው።

«ረስተሽ ነዋ።»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

«አላውቅም አባ። በልጆቼ!»

ቀስ ብለው ነገሩኝ። የአባቴ ሥዕሎች ሦስት ናቸው። የቀሩት ሁለቱም ከግድግዳው መላቀቅ ጀምረው ነበር። እነሱንም በየተራ ሊያመጡልኝ ማኅበሩን አሳምነው፣ ቀን ሁሉ ተቆርጦ ነበር። የመጀመሪያው ሲጎብጥ ግን ማኅበሩ ተቆጣ፤ አናጢው አባት ሁለቱንም እንዳሉ ግድግዳው ላይ በሚስማር መቷቸው። «ድንገት ባመጣቸው ደስ ይልሻል ብዬ ነው አስቀድሜ ያልነገርሁሽ» አሉኝ።

አለቀስሁ። እሳቸው ለተበላሸው ሥራ የማለቅስ መሰላቸው፤ «ቀጥ ብሏል እኮ አልሁሽ» ይሉኛል።

«የቀሩት ላይ ምን አለ?» አልኋቸው።

«አንዱ ዕርገት ነው። አንዱ ቃና ዘገሊላ፣ ሠርጉ።»

ሠርግ! አባቴ ሠርግ ሥሏል። በእኔ ሠርግ ቀን ዳስ ውስጥ ከተቀመጠበት አልተነሣም፣ ጥርሱንም አላየንም። «የሚያስቅ ነገር አለበት?» አልኋቸው።

«ሥዕል ያስቃል እንዴ ልጄ?»

«ሙሽራዋስ? ሙሽራዋ ምን ትመስላለች?»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ሠላሳ ዓመት በፊቷ አልፈዋል፤ ልብ ብለዋት አያውቁም። «አይቼ እነግርሻለሁ» ብለው ተነሡ።

በሳምንቱ ደወሉ። ለዚሁ ብለው ጧፍ ይዘው ሄደው አይተውታል። «የሙሽራዋስ ፊት አይታይም» አሉኝ። «መሃሉም ለቆ ስለነበር እዚያም መትተውታል፤ አንዱ ቆርኪ ፊቷ ላይ ነው ያረፈው። ሙሽራው ግን ይታያል። ወደ እሷ ዞሮ፣ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ምን እንዳሳቀው እኔ እንጃ።»

ቆርኪውን ይንቀሉልኝ ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ያረጀ ሸራ ላይ የተመታ ሚስማር ሲነቀል ቀለሙን ይዞ እንደሚመጣ ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

«ከሙሽራዋ ፊት ላይ ቆርኪውን ላስነቅልልሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ አባ» አልኋቸው። «አይንኩት። ይተዉት።»