ለነጯ መኪና የተቀመጥንላት ሠላሳ ደቂቃ

ያኔ ወደ ዲላ የሚያመጣው መንገድ አስፋልት አልለበሰም። ዝናብ ከመጣ ቀዩ አፈር እንደ ገንፎ ይለሰልስና የቡና መኪኖች ጭቃ ውስጥ ተኝተው ፀሐይ ይጠብቃሉ። እኔ የቡና መፈልፈያ ማሽን ላይ ነበር የምሠራው። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፈ፤ ስለዚህ የማስታውሰውን እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው። አንዳንዱም ነገር ከዕድሜ ብዛት ህልም መስሎብኛል። ጭጋጉ ግን ህልም አልነበረም። ይህ በሆነ ቀን ከላይ ከቡሌ ከፍታ ወርዶ እስከ ጉልበታችን ደርሶ ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ፣ በአንድ ሚያዝያ ነው። የመኪና እሽቅድምድም ከሞያሌ ተነሥቶ በእኛ በኩል ያልፋል ተባለ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የእኛ ሰው ነበር። ዲላ አልተወለደም፤ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ቡናችንን በትልቁ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልስ ኖሯል። ጭነቱ እስኪሞላ ከእኔ ጋር ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ ጆንያ ላይ ጋደም ይልና ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ይደፋል። አሁን ግን አንድ ባለጸጋ ነጭ ቮልስ ገዝቶለት፣ መወዳደር ሥራው ሆኗል። አንደኛ እየመራ ነው የሚል ወሬ ስልክ ቤት ሲደርስ የማሽኔን ቀበቶ ፈትቼ በሩን ዘጋሁ።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ቀይ መኪና ነበረው፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው የእሱ ደጋፊ ነበር።

«የቀዩ ምኑ ነው ደስ ያሰኘህ?» አልኩት።

«ቀይ ጨርቅ ተርፎኝ ነበር» አለኝ። እውነትም ባንዲራ ሰፍቶ ይዟል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ጪጩ የሚባል ቦታ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሆነን ጠበቅን። ቡናው አብቦ ስለነበር ዳገቱ ሁሉ ነጭ ነው፤ ጭጋጉም ነጭ ነው፤ መኪናዋም ነጭ ነች። መጀመሪያ ድምጿ ብቻ መጣ፤ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ፣ እንደ ንብ። ከዚያ ብቅ አለችና እፊታችን ተንሸራትታ ቦዩ ውስጥ ገባች።

እንግዲህ በእኛ አገር መኪና ጭቃ ከያዘው እስኪጠሩን አንቆይም። ኮባ ይቆረጣል፣ ሰፊው የእንሰት ቅጠል ጎማው ሥር ይነጠፋል፣ ትከሻ ይሰጣል። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አንጠብቅም። የእኛ ሰው በመስኮት እጁን ሲያወዛውዝ አየሁ። ሰላም ያለን መስሎኝ እኔም በአንድ እጄ አወዛወዝኩለት፤ በሌላው ገፋሁ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጭቃው ፊታችንን አለበሰን፣ ወጣች። እልል አልን።

የዕለቱ ጉዞ አልቆ የየመኪናው ሰዓት የሚመዘገበው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ዳኛ፣ መነጽር ያደረገ ትሑት ሰው፣ ዝናብ ይመጣል ብሎ ጠረጴዛውን ከትልቁ ዛፍ ሥር አስቀምጦ ነበር። የዛፉን ነገር ማንንም አልጠየቀም። እኛ እየሮጥን ስንደርስ ነጯን መኪና እየዞረ ያያታል። ጎንበስ ብሎ ከጎማው በላይ ካለው ፓራፋንጎ ሥር አንድ የተቀደደ ኮባ ጎትቶ አወጣ።

«ይሄ ምንድነው?»

«መንገድ ላይ የወደቀ ቅጠል ነው፣ ጌታዬ» አለ የእኛ ሰው።

«ቆጮ ነው እንዴ በኮባ ተጠቅልሎ የሚመጣው!» አለ ልብስ ሰፊው። ሰዉ ሳቀ። የነጯ ደጋፊዎችም ሳቅን።

ዳኛው ወደ እኛ ዞረ። «መኪናዋን የነካ አለ? ደንቡ ይታወቅ፤ የውጭ ሰው እጅ ካረፈባት በነጂው ሰዓት ላይ ሠላሳ ደቂቃ ይጨመርበታል።»

ደንቡን ስንሰማ ያን ጊዜ ገና መጀመሪያችን ነው። ሁሉም ጭቃ የነካ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

ያ ዛፍ የጌዴኦ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ነው። ሰው ሲጣላ፣ ድንበር ሲጋፋ፣ ሶንጎ ብለው እዚያ ይሰበሰባሉ። እዚያ ሥር ሆኖ የተጠየቀ ሰው አይዋሽም። እኔ ጌዴኦ አይደለሁም፤ ያደግኩት ግን እዚያው ነው፣ ነገሩ ገብቶኛል። ዳኛው ስልክ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቢጠይቀን ኖሮ እንዋሽለት ነበር፤ ያውም ከልባችን። እዚያ ግን ምላሴ እንቢ አለኝ። የእኛ ሰው አየኝ። ሻይ ስንጠጣ እንደሚያየኝ ነው ያየኝ። እጄን አወጣሁ። ጭቃው እስከ ክርኔ ነበር።

ዳኛው ጻፈ።

ጩኸቱ ተነሣ። «ዳኛው የቀዩ ዘመድ ነው!» የሚል አለ። «ደንባችሁን ቀቅላችሁ ብሉት!» የሚል አለ። ከኋላዬ አንዱ «ከዳኸው፣ አንተ!» አለኝ፤ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ዘወር ግን አላልኩም። ልብስ ሰፊው «አጭበርባሪ!» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ባንዲራውን ጠቀለለ።

ያን ጊዜ ከጌዴኦ ሽማግሌዎች አንዱ በትራቸውን ተክለው ተነሡ። «ጌታው፣ እኛ ነን የገፋነው። ቅጣቱን ለእኛ ስጥ።»

«አባቴ፣ ሰዓት ለሌላ ሰው አይሰጥም።»

«ስንት ነው ያልከው?»

«ሠላሳ ደቂቃ።»

«እንቀመጣለን» አሉና ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አንድ በአንድ ሁላችንም ተቀመጥን።

«እናንተ ባጠፋችሁት እኔ ምን በወጣኝ!» እያለ ልብስ ሰፊውም ባንዲራውን አንጥፎ ተቀመጠበት።

ዝናቡ መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ በወንፊት እንደሚነፋ። የቡናው አበባ ሽታ አብሮት ወረደ። ሌሎቹ መኪኖች ደረሱ፣ ተጻፉ፣ አለፉ፤ የሌላ አገር ነገር ይመስሉኝ ነበር። ያን ያህል ሰው ለአንድ መኪና ብሎ ዝም ሲል ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ፤ ከእንግዲህ ያ ሰው ከእኔ ጋር ሻይ ይጠጣ ይሆን?

ብዙ ቆይቶ የእሱ ጫማ አጠገቤ ሲቆም አየሁ። ተቀመጠ። ኮባውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶት ኖሯል፤ በራሱና በእኔ አናት ላይ ያዘው።

«በመስኮት ያወዛወዝኩት ተዉ እያልኩ ነበር» አለኝ።

«ሰላም ያልከኝ መስሎኝ ነው።»

ዝናቡ ኮባው ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«እጄ ተዉ ይል ነበር» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሽማግሌው እንዲሰሙት መሰለኝ። «እግሬ ግን ነዳጁን ይረግጥ ነበር።»

ሽማግሌው ተቀበልኩ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳኛውም ሰምቷል፤ እስክሪብቶውን ግን አላነሣም። ቀዩ መኪና አንደኛ፣ ነጯ አራተኛ ተብሎ ተጽፎ አብቅቷል፤ የሚፋቅ ነገር የለም። ሆኖም ሰዓቱን በመዳፉ ይዞ ሲከታተል ነበርና፣ በመጨረሻ መነጽሩን ጠርጎ «ሠላሳው ሞላ፣ አባቴ» አለ።

ሽማግሌው ተነሡ። የእኛ ሰው ግን አልተነሣም፤ ኮባውን እንደያዘ ነበር፣ እኔም ከሥሩ አልወጣሁም።