ሽማግሌዎቹ ቆመው የቀሩበት ቅዳሜ

ክቡር የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ክቡራን የሃይማኖት አባቶች፣ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ እንዲሁም በዚህ የመልእክት ገጽ ዘወትር የምትገናኙ እኅቶቼና ወንድሞቼ... ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። በየስብሰባው ስለ ትዕግሥት ብዙ ተናግሬአለሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ ግን የራሴ ትዕግሥት ያለቀበትን ቀን ነው።

ትናንት ከቀትር በኋላ... ልጄ ሰላማዊት በምትኖርበት በስቶክሆልም፣ ታናሽ ወንድሜ ገዛኸኝ ቤት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ልጄን ለትዳር ሊጠይቁ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። እኔ ሥራዬን ትቼ መሄድ ስላልቻልሁ፣ እዚሁ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ከአፓርታማችን ሆኜ በኮምፒውተር ፊት ለፊት እየተያየን ልቀበላቸው ተስማምተን ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ጉዳይ ዓመት ሙሉ ሳዘገየው ነበር። «ትምህርትሽን ጨርሺ»፣ «ሥራሽ ይደላደል»... ምክንያት አላጣሁም። ልጄ በመጨረሻ «አባዬ፣ ይህቺን ቀን ብቻ አትሰርዝብኝ» ብላኝ ነበር።

ስጋቴ ኢንተርኔቱ ነበር። በባሕር ሥር አድርጎ ሞምባሳ የገባው ገመድ ናይሮቢን አፈጠናት እየተባለ፣ እኛ ቤት ጥቂት ይሠራና ይተኛል። ለኢንተርኔት ድርጅቱ ሦስት ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ቁጥር ሰጥቼ፣ ግልባጭ አድርጌ። ኦቲዬኖ የሚባል ትሑት ቴክኒሻን አራት ጊዜ መጥቶ ሞደሙን ፈትሿል። እሱ ባለበት ግን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። «ምዜ፣ ይኸው ይሠራል» ይለኛል፤ ምዜ በአገሩ ቋንቋ የአክብሮት «አባት» ማለት ነው። በሩን ሲዘጋ ይጠፋል። በሐሰት የምከስሰው ሳይመስለው አልቀረም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ከረባቴን አስሬ ሳሎን ውስጥ እመላለሳለሁ።

«ኧረ አረፍ በል፤ ምንጣፉን እኮ ጨረስከው» አለችኝ ባለቤቴ እታገኝ።

«ሽማግሌ ፊት ቢቋረጥስ?»

«አሁን እየሠራ አይደል? ክፉ አታውራ።»

መስመሩ ተከፈተ። እኔም ወጉ እንዲጠበቅ ብዬ «ገዛኸኝ፣ ለክብራቸው ሲባል የሁላችሁም ስልክ ይዘጋ» አልሁ። ተዘጋ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ተሰልፈው ቆሙ። እንደምታውቁት የልጅቱ አባት ተቀመጡ ሳይል አይቀመጡም። ታላቁ፣ ጋሽ ይርዳው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ጀመሩ።

«ክቡርነትዎ፣ የመጣንበት ጉዳይ ከባድ ነው። ልጅዎን ለልጃችን...»

«አባቶቼ፣ መጀመሪያ ተቀመጡ» አልሁ። በዚያችው ቅጽበት ምስሉ ቆመ። ጋሽ ይርዳው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ከዚያ እሱም ጠፋ።

ተቀመጡ ማለቴን ሰምተው ይሆን? ወንድሜ ጋ ደወልሁ... ዝግ። ልጄ ጋ... ዝግ። ያዘጋሁት ራሴ ነኝ።

«ሽማግሌ ሲናገር አባት ከጠፋ ምን ይባላል?» አልኋት ባለቤቴን።

«እምቢ ብሎ ተነሥቶ ሄደ ነዋ።» ፊቷ ተለዋወጠ። «ሰላምዬማ አውቆ ነው ያጠፋው ነው የምትለው።»

ኦቲዬኖ ጋ ደወልሁ። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነበርና በሙዚቃው ላይ እየጮኸ «ፖሌ ምዜ፣ አይዞዎት፣ እስቲ እጅዎን ሞደሙ ላይ ያድርጉ» አለኝ።

ሞደሙ ያለው ከኋላዬ፣ ባለመስታወቱ ቡፌ ውስጥ ነው። ውድ ዕቃ ነው፣ ይቆለፍበት ብዬ ያዘዝሁትም እኔ ነኝ። ባለቤቴ ቁልፍ አምጥታ ከፈተችው። በላዩ ሁለት ዳንቴል ተደርቦበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳንቴል ነዋ። ሽማግሌዎቹ ቤታችንን ያዩታል ብዬ የፋሲካውን ደረብኩበት።»

«ኦቲዬኖ ሲመጣ ግን አይቼው አላውቅም።»

«እሱ ሲመጣማ አነሣለታለሁ። ጠዋቱን ቡፌውን ከፍቼ፣ አቧራውን ጠርጌ ነው የምጠብቀው። ሰው ቤቴን ቆሻሻ ይበለኝ?»

ሞደሙን ነካሁት... ይፋጃል። ለኦቲዬኖ ነገርሁት።

«ምዜ... ይህን ሁሉ ጊዜ ሹራብ አልብሳችሁት ነው?»

አውጥተን ጠረጴዛ ላይ አኖርነው። የሦስተኛውን ደብዳቤ ቅጂ አንሥቼ አራገብሁለት። ባለቤቴ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ አራግባለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ።

ምስሉ ሲመጣ ሦስቱም ሽማግሌዎች እንደቆሙ ናቸው። ወንድሜ ወንበር ይዞ ይለምናል፤ እነሱ «አባትየው ሳይሉ አንቀመጥም» ብለዋል። ይዘጋ ያልሁትንም ስልክ ደፍሮ የከፈተ የለም። የጋሽ ይርዳው ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ልጄ በሩን ተደግፋ ዓይኗ ቀልቷል።

«ክቡርነትዎ» አሉ ጋሽ ይርዳው፣ «ዝምታዎ ሲረዝም ፈርተን ነበር። ግን ለልጁ የሚሳሳ አባት ቶሎ አይመልስም ብለን ጠበቅን።»

ያዘጋጀሁት መልስ ወጉ የሚያዘው ነበር፤ መክረን፣ ዘክረን፣ በሌላ ቀጠሮ እንመልሳለን የሚል። እነዚያን ጉልበቶች እያየሁ ግን አፌ እምቢ አለኝ።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ?» አለ ወንድሜ ደንግጦ።

«መስመሩ ሳይቋረጥ» አልሁት።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ተቀመጡ። ልጄ ወደ ካሜራው ቀረብ ብላ «አባዬ፣ አውቀህ ያጠፋኸው መስሎኝ ነበር» አለችኝ። አልፈረድሁባትም። ዓመቱን ሙሉ ያለ ሞደምም እንዲሁ ሳደርግባት ከርሜአለሁና።

ለድርጅቱ አራተኛ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ የይቅርታ ነው፣ ለኦቲዬኖም ግልባጭ ተደርጓል። ታግሣችሁ ስላነበባችሁኝ አመሰግናለሁ። ለሙሽሮቹ የሠመረ ትዳር፣ ለእናንተም የጀመራችሁት ሁሉ ሳይቋረጥ ከፍጻሜ እንዲደርስ ከልብ እመኛለሁ።

ዳንቴሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተዛውሯል። ሞደሙ ከትናንት ጀምሮ ራቁቱን ነው... ክብሩ ግን ጨምሯል።