የዳሞዳራን አፍንጫ

የሚስቴ ታላቅ ወንድም ዳሞዳራን አርባ ዓመት ሙሉ የሰርግ ድግስ ሲያበስል አንድም ቀን ወጡን ቀምሶ አያውቅም። ወጉ ነው። እኛ ዘንድ የድግስ ምግብ መጀመሪያ የሚቀርበው ለአምላክ ነው፤ የጸሎት መብራቱ ፊት የሙዝ ቅጠል ይነጠፋል፣ ከሁሉም ዓይነት ትንሽ ትንሽ ይደረግበታል፣ ከዚያ በፊት ማንም ምላሱን አያስነካም። ታዲያ ጨው በልኩ መሆኑን በምን ያውቃል? በአፍንጫው! ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እንፋሎቱን በእጁ ወደ ፊቱ ይስባል፣ ከዚያ «ግማሽ እፍኝ ጨው» ይላል። ወይም ምንም አይልም።

እኔ ሠላሳ ዓመት በኦታፓላም መስመር አውቶቡስ ላይ ቲኬት የቆረጥኩ ሰው ነኝ። ሰው ቲኬቱን እያሳየኝ እንኳ አላምንም። ግን በዚያ አፍንጫ ላይ ስህተት ላገኝበት ስንት ሰርግ እንደበላሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ አላገኘሁም።

ታናሹ ሳሲ በአሥራ አራት ዓመት ያንሰዋል። አብሳይ የነበረው አባታቸው ሲሞት ያሳደገው ዳሞዳራን ነው፤ በድስትና በጭስ መሃል፣ ኮኮናት እያስፈቀፈቀ። ከአሥር ዓመት በፊት ግን አንድ ድግስ ላይ ዞር ሲል ሳሲን በጭልፋ የቀዳውን የምስር ወጥ ፉት ሲል አየው። ሁለት መቶ ሰው በሙዝ ቅጠል ሳህኑ ፊት ተቀምጦ እየጠበቀ፣ ያንን ሁሉ ወጥ ቦይ ውስጥ ደፋው። ከዚያ «ከቤቴም ከእሳቴም ውጣ!» አለው።

ሳሲ ወጣ። ወጥቶም ከቤተ መቅደሱ በታች የራሱን የድግስ ሥራ ከፈተ፤ በሩ ላይም በቀይ ቀለም «ሳሲ ድግስ፣ ቀምሰን እናቀርባለን» ብሎ አስጻፈ። ዳሞዳራን ያንን ጽሑፍ ላለማየት ወደ ጸሎት በሩዝ ማሳው ዞሮ መሄድ ጀመረ፣ ክረምት ከበጋ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እየሆነ። ዓይንና ናጫ ሆነው ቀሩ። ሳሲ ወንድሙን «ሰውዬው» ነው የሚለው። ዳሞዳራን ደግሞ ሳሲን በስሙም አይጠራውም። የሳሲ ፓያሳም፣ ማለት በኮኮናት ወተት ተሠርቶ የሚጠጣው ጣፋጭ፣ በአውራጃው ሲወራለት ዳሞዳራን አንድ ጭልፋ አልቀመሰም።

ልጄ አቲራ ስትዳር ጥፋቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሚስቴ ባርጋቪ ሳትነግረኝ ድግሱን ለታላቅ ወንድሟ ሰጥታለች። ደግ አደረገች፤ የእናት ወንድም ባለበት ማን ሊያበስል ነው? እኔ ደግሞ ሳልነግራት ሳሲ ሱቅ ገብቼ ሦስት ብርጭቆ ፓያሳም ጠጥቻለሁ። አፌ በጣፈጠበት «የአቲራ ፓያሳም ያንተ ነው» አልኩት።

በሰርጉ ዋዜማ ከሰዓት ሁለቱም በአንድ በር ገቡ። ዳሞዳራን በምሥራቅ በኩል ምድጃውን ጎለተ፣ ሳሲ በምዕራብ። በመሃላቸው አሥር እርምጃ አለ፤ የነሱ አማላጅ፣ የነሱ ፖስታ ቤት እኔ ሆንኩ።

«ፕራባካራን፣ እዚያ ላለው ልጅ ንገረው፤ ጭሱ ወደኔ እየመጣ ነው» ይላል ዳሞዳራን።

«ጋሽ ፕራባካራን፣ ለሰውዬው ንገርልኝ» ይላል ሳሲ፣ እየሰማ፤ «ነፋሱን የቀጠርኩት እኔ አይደለሁም።»

«ለሱ ንገረው፣ እንኳን ነፋስ ምላሱንም መቆጣጠር ያልቻለ ነው!»

ባርጋቪ በመስኮት ብቅ ብላ «ሁለታችሁም ዝም ካላላችሁ ሩዝ ብቻ ቀቅዬ አበላለሁ፣ የሚሳቀው በናንተ ነው!» አለች። ዝም አሉ። እህታቸውን ይፈራሉ።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ የጓሮው ኩሬ ዘንድ ሆኜ ጥርሴን ስፍቅ የሚያርር ነገር ሸተተኝ። እንኳን ለኔ፣ ለጎረቤትም ይሸታል። ሮጬ ስመጣ ዳሞዳራን ድስቱ አጠገብ ቆሟል፤ ለወጡ የሚቆላው ኮኮናት እግሩ ሥር ከሰል ሆኖ ይጨሳል። እሱ ግን ረጋ ብሎ ዱባ ይከትፋል።

«ጋሼ፣ አረረ እኮ!»

ዝቅ ብሎ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮው ሙዝ ተክል ጥግ ወሰደኝ።

«አትጩህ። ክረምት ላይ ትኩሳት ከያዘኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ጃስሚንም፣ ጭስም፣ የራሴ ላብም።»

ለካ ሁለት ወር ሙሉ «ጉልበቴን አመመኝ» እያለ ድግስ ሲመልስ የነበረው ለዚህ ነው። የእህቱን ልጅ ሰርግ ግን በጉልበት ሰበብ አይመልሱትም። እኩለ ቀን ላይ ስድስት መቶ ሰው ቅጠል ፊት ይቀመጣል። ጨው ቢጎድል ወይ ቢበዛ የአርባ ዓመት ስሙ በአንድ ምሳ ያልቃል፤ ልጄም «ምግቡ ያልተበላላት ሙሽራ» ተብላ ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች።

«ታዲያ በምላስህ ቅመሰዋ! አምላክስ ቢሆን የታመመ ሰው አይቀየምም።»

ዓይኑን አነሳ። እንባ ሞልቶበታል።

«ልቅመስ? ታዲያ ሳሲን ያባረርኩት ለምንድነው?»

አሥር ዓመት የተሸከመው ነገር ያኔ ነው የገባኝ፤ አሳዘነኝ። አሽትትልኝ ብሎ ወደ ድስቱ ጎተተኝ። አሸተትኩ። ሠላሳ ዓመት ናፍጣ የማገ አፍንጫ ምን ሊያውቅ! «ወጥ ወጥ ይላል» አልኩት። በቁሙ ተስፋ ቆረጠብኝ።

ቀና ስል ሳሲ ምድጃውን ትቶ ወደኛ እየመጣ ነው። ያረረውን ኮኮናት ከወዲያ ሆኖ አሽትቶታል፤ ወንድሙ ኮኮናት ያሳርራል የሚለውን ግን አእምሮው አልተቀበለውም። እኔን በዓይኑ ዝም አሰኘኝ። ዳሞዳራን ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ሳሲ ከመደርደሪያው የሂንግ ቅመም ቆርቆሮ አነሳ። ሂንግ ማለት ክዳኑ ሲከፈት ከሽታው የተነሳ ውሻ ግቢ ለቆ የሚሄድለት ነው። ሊፈትነው ከወንድሙ ትከሻ በላይ ከፈተው። እኔ ሦስት ጊዜ አነጠስኩ።

ዳሞዳራን ዞር አላለም።

ሳሲ ቆርቆሮውን ቀስ ብሎ ዘጋው። አሥር ዓመት ይህን ሰው ወድቆ ለማየት የተመኘ ልጅ ነው። ይስቅበታል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ከንፈሩን ነከሰ፣ በሽርጡ ጫፍ ፊቱን ጠረገ፣ ከዚያ ተጠግቶ ከወንድሙ ጎን ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

ዳሞዳራን ደነገጠ። እኔን አየኝ፣ እሱን አየው። መዋሸት እንደማያዋጣ ገባው።

«ክረምት ላይ። በል እንግዲህ፣ ውጣና በቀይ ቀለም ጻፈው።»

«ቀለሙ ውድ ነው።»

ዳሞዳራን ጭልፋውን ከድስቱ አወጣ። ወጥ ሞልቶታል። ለሳሲ ዘረጋለት። ከአንደበቱ ይወጣል ብዬ ያላሰብኩትን ተናገረ፤

«ቅመሰው።»

ሳሲ ጭልፋውን ተቀበለ። አየው። መልሶ ድስቱ ውስጥ ገለበጠው።

«መብራቱ ፊት ሳይቀርብ? ጋሼ ምን ነካህ?»

ጋሼ! ጆሮዬ ነው አልኩ። ሳሲ ድስቱ ላይ ጎንበስ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንፋሎቱን በእጁ ወደ ፊቱ ሳበ። ልክ እንደ ታላቁ፣ ልክ እንደ አባታቸው። «ግማሽ እፍኝ ጨው» አለ። «ኮምጣጣው ታማሪንዱም አልበቃውም። ድሮም እጅህ ይሰስታል።»

«የኔ እጅ ነው የሚሰስተው? አንተ ነህ ስኳር በአካፋ የምትደፋው!»

«ጋሽ ፕራባካራን፣ ለጋሼ ንገረው…»

«ራስህ ንገረው» አልኩና ሄድኩ። ከፖስታ ቤትነቴ በገዛ ፈቃዴ ተሰናበትኩ።

እስከ እኩለ ቀን አንዱ እጅ፣ ሌላው አፍንጫ ሆነው ከድስት ድስት ሲዞሩ ዋሉ። ሲሰዳደቡ መንገድ ድረስ ይሰማል። መብራቱ ፊት የቀረበውን ቅጠል ያቀረቡት ሁለቱ አንድ ላይ ነው። ስድስት መቶ ሰው በላ። የሙሽራው አባት፣ በሰው ቤት ምግብ ከንፈሩን የሚያጣምም ሰው፣ ቅጠሉን ወደ ራሱ አጠፈ። እንዲህ የሚያጥፍ ጠግቦና ወድዶ የበላ ነው። ባርጋቪ ይህን ከበር ላይ አይታ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

አብሳይ የሚበላው መጨረሻ ነው። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ሁለቱ አንድ ሰሌን ላይ ተቀመጡ፤ እኔ አቀረብኩላቸው። ዳሞዳራን ይጎርሳል፣ ሳሲ ይነግረዋል።

«ይሄ ማንጎው ነው። ኮምጠጥ ብሎ ኋላ ላይ ያቃጥላል። ይሄኛው ዱባው፤ ኮኮናቱ ሁለተኛ የቆላነው ስለሆነ ሽታው ደህና ወጥቷል።»

«አትዋሽ፣ ትንሽ አርሯል።»

«በምን አወቅክ?»

«አንተን ስለማውቅ ነዋ!»

ከዚያ ፓያሳሙን ልቀዳለት ስል ሳሲ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወሰደ። ራሱ ቀዳለት። ከዚያ ምግቡን ትቶ የወንድሙን አፍ ያይ ጀመር፤ ልክ ኮኮናት ይፈቀፍቅ በነበረበት ዕድሜው ያይ እንደነበረው። ዳሞዳራን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ጨረሰው።

«ምላሴ የሚያውቀው ጣፋጭ መሆኑን ብቻ ነው» አለ በመጨረሻ። «መቅመስ የምችልበት አሥር ዓመት ነበረኝ። በሩዝ ማሳው ስዞር ጨረስኩት።»

ሳሲ አቀረቀረ።

ዳሞዳራን ብርጭቆውን ዘረጋለት።

«ጨምርልኝ። ስትቀዳ ደግሞ ንገረኝ፤ ምን ምን ይላል?»