ጥሩምባ በጠራራ ፀሐይ

የኔሰው አድማሱ ኮልፌ ቁልቁለቱ ላይ ላለው እድር ጥሩምባ ሲነፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እስከ ዛሬ የስንት ሰው ሞት እንደለፈፈ ቢጠየቅ ቁጥሩን አያውቀውም፤ አንድም ስም ግን ተሳስቶ አያውቅም። ይህን ሲናገር ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ጥሩምባ መንፋት ለሌላው ሰው የሳንባ ጉዳይ ሊመስለው ይችላል፤ ለእሱ ግን የመታመን ጉዳይ ነው። የኔሰው "እገሌ ዐረፈ" ካለ እገሌ ዐርፏል። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል እንጂ "እስኪ ቆይ ላጣራ" አይልም።

ጎጃም ተወልዶ በሃያ ዓመቱ አዲስ አበባ የገባ ሰው ነው። ያልሠራው ሥራ የለም። ሲሚንቶ ተሸክሟል፣ ትምህርት ቤት በዘበኝነት ኖሯል፣ ሰፈሩ ኮብልስቶን ሲነጠፍለት ደግሞ ከቦሩ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ድንጋይ ሲደረድር ከርሟል። ቦሩ በሰፈሩ በኩል ከሚወርደው ወንዝ ላይኛው ጫፍ፣ ወደ ኮረብታው ጠጋ ብሎ የሚኖር የዕድሜ እኩያው ነው፤ በወንዙ ውሃ ጎመንና ቆስጣ ያለማል። ሁለቱም ስድሳን አልፈዋል። ሌላው ሰው ሲገናኝ ስለ ኳስ ያወራል፤ እነሱ ስለ ወንዙ ነው።

ወንዙ ደግሞ የሚወራለት አላጣም። ድሮ የሐምሌ ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ይውላል፣ መሬቱም እያጣጣመ ይጠጣዋል፣ ወንዙ የሚሞላው ቀስ እያለ ነበር። አሁን ክረምቱ ደስ ሲለው ይዘገያል፤ ከመጣ ደግሞ የወሩን ዝናብ በአንድ ሰዓት ይደፋዋል። የቦሩ ልጅ ሌሊሴ ጂኦግራፊ አስተማሪ ናትና አንድ ቀን ነገሩን አስረዳቻቸው። በዓለም ዙሪያ ፋብሪካውና መኪናው የሚተፋው ጭስ አየሩን አሙቆታል፣ የሞቀ አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፣ የተሸከመውን ደግሞ ባንዴ ያወርደዋል አለቻቸው።

"ታዲያ የእኛ ጥፋት የቱ ጋ ነው?" አላት የኔሰው፣ ፋብሪካም መኪናም እንደሌለው እርግጠኛ ሆኖ።

ሌሊሴ ሳቀችና የቆሙበትን ድንጋይ በጫማዋ መታ መታ አደረገችው። ኮረብታው ላይ የነበረው ዛፍ ተቆርጧል፣ ሜዳው ቤት ሆኗል፣ የተረፈውም በድንጋይና በሲሚንቶ ተሸፍኗል፤ ውሃው የሚሰርግበት አጥቶ በሙሉ ወደ ወንዙ ይሮጣል። የኔሰው ተናደደ። በሥራው የሚኮራ ሰው ስለሆነ ድንጋዩን በማንጠፉ አልተጸጸተም። ድሮ እኮ ጭቃው ሰው ይውጥ ነበር። ነገር ግን "እንግዲያው ወንዙን መጠበቅም የእኛ ሥራ ነው" አለና ከቦሩ ጋር ተማከረ። ቦሩ ከላይ ባለው ድልድይ ምሰሶ ላይ ቀይ ቀለም ቀባ። ውሃው ቀዩን የነካ ዕለት ሊደውልለት ተስማሙ።

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

"ቀዩን አልፏል!" አለ ቦሩ። ከኋላው የሚሰማው የዝናብ ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። "ድልድዩን ሊዘለው ነው። ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው፣ እናንተ ጋ ይደርሳል።"

የኔሰው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ኮልፌ ላይ ጠራራ ፀሐይ ነው። ከኮረብታው ወዲያ ብቻ ሰማዩ ጠቁሯል። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ሮጠ።

ወንዙ ዳር አርባ የሚሆኑ የጭቃ ቤቶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው የገነት ነው። ገነት ወገባቸው ተሰብሮ ከአልጋ የዋሉትን እናቷን እማማ በላይነሽን እያስታመመች የምትኖር ሴት ናት። ደጃፏ ላይ ሳፋዋን አስቀምጣ ልብስ ታጥባለች።

"ገነት፣ ጎርፍ እየመጣ ነው! ቶሎ ውጪ!"

ገነት ሰማዩን አየች፤ ቀጥላ እሱን አየች። "ጋሽ የኔሰው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካዎት? ዝናብ የታለና ነው ጎርፍ የሚመጣው? ፀሐይ አገኘሁ ብዬ የሳምንት ልብስ ዘፍዝፌያለሁ እኮ።"

ሁለተኛው ቤት ያለው ሰው ከተጋደመበት ሳይነሳ "እሺ፣ እሺ" አለ። ሦስተኛው በሩን ከፍቶ ሳቀበት። እንዳይደውልላቸው መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋ የግማሹ ሰው ስልክ ዝግ ነው። ሦስት በር ሦስት ደቂቃ በላ። በዚህ አያያዝ አርባኛው ጋ ሲደርስ የሚያንኳኳው በር እንደማይኖር ገባው። ይህን ሰፈር ያለ አንድ ጥያቄ ከቤቱ የሚያስወጣው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በየኔሰው እጅ ነው ያለው።

ሽቅብ ወደ እድር ቤቱ ሮጠና ጥሩምባውን ከሚስማሩ አወረደው። ችግሩ የታየው አፉ ላይ ካደረገው በኋላ ነው። ጥሩምባ ብቻውን አይበቃም፤ ስም ይፈልጋል። ሰው ስም እስኪሰማ በሩ ላይ ቆሞ ጆሮውን ይጥላል እንጂ ቤቱን ጥሎ አይወጣም። የማንን ስም ይጥራ? በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ማለት ሟርት ነው። የእድሩ ደንብ ደግሞ በአንቀጽ አሥራ አንድ ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ያልሞተን ሰው ሞተ ብሎ የለፈፈ ከአባልነት ይሰረዛል።

ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ የኔሰው በዐይኑ አይቷል። ከዓመታት በፊት አንድ የተሰረዘ ጎረቤታቸው ሲሞት ድንኳን አልተተከለለትም፣ ጥሩምባም አልተነፋለትም። አስከሬኑን የሸኙት ስድስት ሰዎች ነበሩ። የኔሰው ለስንቱ ቀባሪ የጠራ ሰው ነው። እንደዚያ በስድስት ሰው መሸኘትን በዓለም ላይ ካለው ነገር ሁሉ አብልጦ ይፈራል። ቢሆንም ጊዜ አልነበረውም፤ በማንም ላይ ሟርት የማይሆነውም ስም አንድ ብቻ ነበር።

ሦስት ጊዜ አስረዝሞ ነፋ። ከዚያም ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

"የእድር ሰው! የእድር ሰው! የኔሰው አድማሱ ዐርፏል! ጥሩምባ ነፊው የኔሰው ዐርፏል! ቀብሩ አሁን ነው! ሁላችሁም ወደ እድር ቤቱ ውጡ!"

ሰፈሩ ተናወጠ። ድምፁን የማያውቅ የለም፤ ሰውዬው ሞቻለሁ እያለ ነው! አንዱ ነጠላ እየደረበ፣ ሌላው "አበደ! አበደ!" እያለ፣ እናቶች ልጅ እያዘሉ፣ ያ ተጋድሞ የነበረውም ጫማውን አዟዙሮ አጥልቆ፣ ሁሉም ሽቅብ ተመመ። እውነቱን ለመናገር ያስወጣቸው ከሐዘን ይልቅ ይህ ጉድ እንዳያመልጠን የሚል ጉጉት ነው። የኔሰው ምን ገዶት! እሱ የሚያየው በሮቹ ሲከፈቱ ነው።

ገነትም የእጇን አረፋ ሳትጠርግ ወጣች። እድር ቤቱ ደጅ እንደደረሰች ከበስተኋላዋ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ሁሉም ዞረ። ወንዙ ቀይ ሆኖ፣ ግንድና ቆርቆሮ እያንከባለለ ዳርቻውን ዘሎ ነበር።

"እማዬ!" አለች ገነት።

የኔሰው ያኔ ባነነ። መሮጥ የሚችለውን ሁሉ ሲያስወጣ መራመድ የማይችለውን ዘንግቶታል። ይህን ጥፋቱን እስከ ዛሬ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። እድር ቤቱ ገብቶ ቃሬዛውን አነሳና ቁልቁል ወረደ፤ ሦስት ጎረምሶች ተከተሉት። ያ ቃሬዛ ከተሠራ ጀምሮ በሕይወት ያለ ሰው ተሸክሞ አያውቅም። ገነት ቤት ሲገቡ ውሃው ጉልበታቸው ደርሷል። እማማ በላይነሽ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ የሚንሳፈፈውን ሳፋ እያዩ ነበር። ቃሬዛውን ሲያዩ ዐይናቸው ፈጠጠ።

"ምነው ልጄ! ገና ነኝ እኮ!"

"አውቃለሁ እማማ። አሁን ይውጡበትና በኋላ ይቆጡኛል።"

"ደግሞ አንተ ሞተሃል ሲሉ ሰማሁ?"

"እኔም ገና ነኝ።"

እማማ በላይነሽ ቃሬዛው ላይ ተቀምጠው፣ "ቀስ በሉ እንጂ፣ ድንጋይ አደረጋችሁኝ!" እያሉ ዳገቱን ወጡ። ሕዝቡ ከፊሉ አማተበ፣ ከፊሉ ሳቀ፣ ገነት አለቀሰች። ጎርፉ የአሥራ አንድ ቤት ግድግዳ ይዞ ሄደ። ከሰው ግን አንድም አልጎደለም።

የየኔሰው ሚስት ተሻለች ኮልፌ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። አንዷ ጎረቤት ደውላ "ባልሽ ሞቻለሁ እያለ ነው" ስትላት ሽንኩርቱን እንዳለ ጥላ ታክሲ ላይ ዘለለች። ስትደርስ ባሏ እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች ካየችው በኋላ፣ "ሳታማክረኝ ትሞታለህ?" አለችውና ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ያናገረችው ለቀጣዩ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ መጠራቱን ሰምታ ነው፤ እሱ ከተሰረዘ እሷም አብራ ትሰረዛለች።

የእድሩ ዳኛ አቶ ተክለሃይማኖት ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን ደንብን እንደ ልጅ ነው የሚወዱት። መነጽራቸውን አስተካክለው አንቀጽ አሥራ አንድን አነበቡ። ለአስከሬን የተገዛ ቃሬዛ ላይ በሕይወት ያለ ሰው መጫኑንም አከሉበት።

"የሰው ሕይወት መትረፉን ማናችንም አልካድንም" አሉ። "ደንብ ግን ደንብ ነው። ዛሬ ለደግ ነገር ከታለፈ ነገ ለቀልድ ይታለፋል። የኔሰው፣ የምትለው ካለህ ተናገር።"

የኔሰው ተነሳ።

"ሞተ ብያለሁ፤ አልሞተም፣ ይኸው ቆሟል። ጥፋቴን አልክድም። ይቅርታ ልለምን ግን አልተነሳሁም። ወንዙ ተለውጧል። በሚመጣው ክረምትም ይመጣል፣ እኔም እነፋለሁ። ብትሰርዙኝም እነፋለሁ፤ ጥሩምባውን ብትነጥቁኝ ጀሪካን እየደበደብኩ እጮሃለሁ። ስለዚህ እኔን ከመቅጣት ደንቡን ማስተካከል ይቀላችኋል።"

እንዲህ ሲል ድምፁ ንቅንቅ አላለም። ነገር ግን እነዚያ ስድስት ሰዎች አስከሬን ተሸክመው ሲሄዱ ፊቱ ላይ ድቅን ብለውበታል።

በወንበር ተይዘው የመጡት እማማ በላይነሽ ምርኩዛቸውን አነሱ። "ተክለሃይማኖት ልጄ፣ ያ ቃሬዛ እኔን ሲጠብቅ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ቀድሜ ሞከርኩት፤ ምንም አይል፣ ይመቻል። አሁን ይህን ሰው እንሰርዝ የሚል ካለ፣ እጁን ከማውጣቱ በፊት መጥቶ እኔን እዚያ ውሃ ውስጥ አልጋዬ ላይ መልሶ ያስተኛኝ።"

አቶ ተክለሃይማኖት መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። "ይሰረዝ የምትሉ እጅ አውጡ" አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። የኔሰው ያኔ ነው የተቀመጠው፤ መቀመጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ልጅ አለቀሰ። ተሻለች ከሴቶቹ መካከል ሆና በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ስትጠርግ ታየች።

ዳኛው ደንብ መጻፍ ከጀመሩ ማን ያቆማቸዋል! ለጎርፍ ጥሩምባ ይነፋል አሉ። መራመድ የማይችሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ይያዛል፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ተሸካሚ ይመደባል፣ ቃሬዛው ለሕያውም ያገለግላል። የወንዙ ዳር ቀርከሃ ይተከልበታል፤ የጎርፍ መውረጃ ቦዩን ቅዳሜ ቅዳሜ እድርተኛው በየተራ ይጠርጋል። ሁሉም ጸደቀ። የኔሰው ለጎርፉ የሚሆን አጠር አጠር ያለ አዲስ አነፋፍ ሊያሰማቸው ጥሩምባውን ሲያነሳ ገነት አቋረጠችው።

"አይሆንም ጋሽ የኔሰው። አዲስ ነገር ቢነፉ እኔ ልብሴን ማጠቤን እቀጥላለሁ። እግሬን ያነሳው የእርስዎ ስም ነው።"

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ፤ ነገር ግን እውነት መሆኑን ሁሉም አወቀ። "ጎርፍ ሲመጣ የኔሰው ዐረፈ ተብሎ ይለፈፍ" ተባለና ድምፅ ተሰጠ።

"እኔስ በዓመት ስንት ጊዜ ነው መበለት የምሆነው?" አለች ተሻለች። እጇን ግን አወጣች።

የአቶ ተክለሃይማኖት እስክሪብቶ መሐል ላይ ቆመ። "ቆይ ቆይ። እውነት የሞትህ ዕለትስ? በምን እናውቃለን?"

"የዚያን ዕለት የሚነፋው ሌላ ሰው ነው" አለ የኔሰው። "በድምፁ ታውቃላችሁ።"

"ሌላ ሰው ማን?"

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚህ እድር ከየኔሰው በቀር ጥሩምባ መንፋት የሚችል አልነበረም።

"እኔ" አለች ገነት።

በማግስቱ ማለዳ እድር ቤቱ ደጅ መጣች። ጥሩምባውን አፏ ላይ አድርጋ ጉንጯ እስኪቀላ ነፋች፤ ከአየር በቀር የወጣ ነገር የለም። ደግማ ሞከረች፣ ሦስተኛም። ተናዳ ከአፏ አወረደችው። የኔሰው ጥላው ሥር ተደላድሎ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ።

"ቀስ እያልሽ ተማሪ" አላት። "እኔ እንደሆነ አልቸኩልም።"