በኖራ የተሰመረ አገር

ልጆቼ ወረዳዎቹን እንደ ዘፈን ያንቆረቁሯቸዋል። «ቸሃ፣ እዣ፣ ጉመር፣ ጌታ፣ እኖር፣ እንደጋኝ፣ ሙህር፣ አበሽጌ…» ትንፋሽ የለም፣ ነጠላ ሰረዝ የለም። ከሦስተኛ ክፍል ይዘውት የመጡት ነው። ታዲያ አንዱን አስነስቼ «ጉመር በየት በኩል ነው?» ስለው ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። ደጋ መሆኑን ሰምቶ ይሆናል ብዬ ሳቄን ዋጥኩ እንጂ ጠመኔው በንዴት እጄ ላይ ተሰብሮ ነበር።

የማስተምረው ወልቂጤ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ካርታ አለን፤ ግን አርጅቷል። ክልሉ ስሙን ቀይሯል፣ ቡታጅራና አካባቢዋ የራሳቸውን ዞን ይዘዋል፣ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ካርታ ግን ምንም አልሰማም። እኔ ደግሞ ግትር ሴት ነኝ፤ ልጅ በዓይኑ ያላየውን፣ በእግሩ ያልረገጠውን ነገር አስተማርኩ ማለት አልወድም። ስለዚህ ከስፖርት መምህሩ የኳስ ሜዳ የሚያሰምርበትን ኖራ ለመንኩት። «ሜዳዬን በምን ላሰምር ነው?» እያለ እያጉረመረመ ሰጠኝ። ግቢው ውስጥ ዞኑን አሰመርኩት። ቸሃን ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ። አገሬ ነው፣ ምን ላድርግ! ወልቂጤንም በአንድ ጥግ ክብ አድርጌ አስቀመጥኳት።

«በሉ፣ ሁላችሁም አገራችሁ ግቡ!» አልኩ።

አቧራው ተነሳ። እኖሮች ቦታ ጠበበን ብለው ጮኹ። እዣዎችና ጉመሮች «ድንበር አልፋችኋል» ተባብለው ተጓተቱ፤ ሽማግሌ ልጠራላችሁ ወይ ብዬ ገላገልኳቸው። ከዚያ እኔም ቸሃ ገብቼ ከልጆቼ ጋር ቆምኩ። ቀና ብል ወልቂጤ ባዶዋን ናት።

ወይ ጉድ! እነዚህ ልጆች እኮ አብዛኞቹ የተወለዱት እዚሁ ወልቂጤ ነው። እትብታቸው የተቀበረው እዚህ፣ የሚያድሩት እዚህ፣ በባጃጅ የሚጋፉት እዚህ። ግን እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ቤትህ የትም ይሁን፣ አገርህ በመስቀል ወይም በዓረፋ የምትገባበት ነው። አዲስ አበባ ሱቅ ከፍቶ ያረጀ ሰው እንኳ አገርህ የት ነው ሲሉት የመንደሩን ስም ነው የሚጠራው። ስለዚህ አልተቆጣሁም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

አንዲት ልጅ ግን ከመስመሩ ውጭ ቆማለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። የጫማዋ ጫፍ ኖራውን እንዳይነካ ተጠንቅቃለች።

«አንቺስ? ግቢ እንጂ!»

«አገር የለኝም፣ ቲቸር።»

ልጁ ሁሉ በሳቅ አውካካ። «አገር የሌለው ሰው አለ እንዴ?» አለ አንዱ ከእኖር፣ የምሩን ገርሞት። እኔም ችኩል ነኝና «እናትሽን ጠይቂና ትነግሪናለሽ» ብዬ አለፍኩት። በዚያ ላይ ሌላ ነገር ጨመርኩ። ከመስቀል መልስ እያንዳንዱ ልጅ ካገሩ የሆነ ነገር ይዞ መጥቶ ካርታው ላይ እንዲያስቀምጥ አዘዝኩ። ሙስሊሞቹ ልጆች «ቲቸር፣ የኛ እኮ ዓረፋ ነው» ሲሉኝ፣ አገር የሚሄድ ዘመድ አይጠፋምና አስመጡ አልኳቸው። ሁሉም እየዘለሉ ወደ ክፍል ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት የልጅቷ እናት መጣች። መናኸሪያው አጠገብ ድንች ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት። ነጠላዋን አስተካክላ የክፍሉ በር ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላትም አልገባ አለች።

«ቲቸር፣ አይቆጡኝና፣ እኔ ከሰው ቤት ሰው ቤት ስዞር ነው ያደግሁት» አለችኝ። «ከየት እንዳመጡኝ የሚያውቁት ሰዎች ሞተዋል። አባቷም የለም። ምን ብዬ ልንገራት? ትናንት ‹እማ፣ አገር ግዢልኝ› አለችኝ።»

ወንበር ስቤ አቀረብኩላት፤ አልተቀመጠችም። 

«ካገራቸው ያመጣሉ ያሏቸው ቀን ብቻ ትቅርልኝ» አለች። «ባዶ እጇን እዚያ መሀል አትቁምብኝ።»

«አትቀርም!» አልኩ፣ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ከፍ ብሎ። «ትምጣ፣ እኔ አለሁ።» እኔ አለሁ ማለት ቀላል ነው። ምን እንደማደርግ ግን ፈጽሞ አላውቅም ነበር።

ለመስቀል እኔም ቸሃ ገባሁ። በልጅቷ ሐሳብ ክትፎው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ ብል ውሸቴን ነው፤ ጥርግ አድርጌ በላሁ። ግን ምሳው አልቆ ሰው ሲጫወት እሷ ትመጣብኛለች። ወንድሜ «ምነው ፊትሽን አጠቆርሽው?» ሲለኝ ነገርኩት። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ቸሃ ሰፊ ነው፣ ከኛ ጋር አስገቢያታ!» አለኝ። እውነትም! እናቴ ጋ የነበረች አንዲት ትንሽ ሰፌድ ለምኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ልጆቹ በሚያመጡበት ቀን ቀስ ብዬ ለልጅቷ አቀብላትና «ነይ፣ ቸሃ ያንቺም ነው» እላታለሁ። በመላዬ ኮርቼ ወልቂጤ ተመለስኩ።

ቀኑ ደረሰ፤ ኖራውን እንደገና አሰመርኩ። አቤት የመጣው ነገር! ከጉመር የገብስ ዛላ፣ ከእኖር በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ከሙህር የወንዝ ድንጋይ፣ ከጌታ የቃጫ ገመድ። አንዷ የእዣ ልጅ ከእዣዋ ከተማ ከአገና በመጣ ሚኒባስ ወርዳ በቀጥታ የመጣች ናት። እናቷ ገና አገር ቤት ናቸው፤ ልጅቷ ትምህርት እንዳያመልጣት ከአክስቷ ጋር ሰደዷት። የበዓል ቀሚሷን እንደለበሰች ጎመን ታቅፋ ቆማለች። ቆጮውን ወዲያው ሊበሉት የተነሱ ነበሩ፤ ጮኼ አስቆምኳቸው።

ያቺን አገር የለኝም ያለችኝን ልጅ በዓይኔ ፈለግኋት። እንደዚያ ቀን ከመስመሩ ውጭ ናት። እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሰፌዷን ያዝኩ። ከመጠጋቴ በፊት ግን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኔም ይዣለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። እሷ ቀስ ብላ ሄዳ ወልቂጤ ክብ ውስጥ ገባች፤ ማንም ገብቶ የማያውቅበት። ከፌስታሏ በጫማ ማሰሪያ የተሰካኩ ቁልፎች አወጣች። ትልቅ አለ፣ ትንሽ አለ፣ ቀይ ክር የታሰረበት አለ።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«የግቢያችን ሰዎች የቤት ቁልፎች ናቸው። የጎረቤቶቹም አሉ። አገር ሲሄዱ ለእማዬ ሰጥተዋት ነው። እማዬ ሥራ ስትሄድ እኔ እይዛለሁ።» ድምጿ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ እየቆየ ጠነከረ። «ይሄኛው ቤት ድመት አለ። ወተት እሰጠዋለሁ። እዚህ ቤት ደግሞ ዝናብ ሲያስገባ ባልዲ ደቀንኩ። የነዚህ ዶሮ እንቁላል ጥላለች። እማዬ አስቀምጪ ብላኛለች፣ አልበላሁም።»

ሳቅ የለም። አንዱ ከቸሃ «የኛም ቁልፍ እነሱ ጋ ነበር፣ ትናንት ነው የወሰድነው» አለ። ሌላው «እኛ ሳንኖር የኛን ውሻ አይተሽው ነበር?» አላት። «ታስሮ ሲያለቅስ ነበር፣ ፈትቼው እኛ በር ላይ ነው ያደረው» አለችው። ልጁ በእፎይታ ተነፈሰ። ሰፌዷን ለቀቅኳት፤ ቦርሳዬ ውስጥ ቀረች። እንባዬ መጣ፣ ኖራው ነው ብዬ ዓይኔን አሸሁ።

ያኔ ከአገና የመጣችው ልጅ ጎመኗን እዣ ላይ ጣለች።

«እንዴ! ባለቀይ ክሩ የኛ ነው! ስጪኝ!» ብላ እጇን ዘርግታ እየሮጠች መጣች።

ልጅቷ ቁልፎቹን ከጀርባዋ ሸሸገች።

«እናትሽ ሲመጡ ለሳቸው እሰጣለሁ» አለቻት፣ ፍንክች ሳትል። «ላንቺ አልሰጥም። አደራ ነው።»