የካድሬው የኋላ ጎማ

ካድሬው ብስክሌቱን እየገፋ ደጃችን የመጣ ዕለት፣ ባሌ ቆጥ ላይ ከተሸሸገ ሳምንት ሊሆነው ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ አፈሳ ጋይንትን ያስጨነቀበት ወራት። ለጦር ሜዳ ይሆናል የተባለ ወንድ ከገበያ፣ ከአውድማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሳይቀር ይታፈሳል። አርብ ገበያ ጨው ልግዛ ብሎ ወጥቶ ያልተመለሰ ስንቱ! ባሌን "ወዴት ሄደ?" ላለኝ ሁሉ "ወገዳ ሥራ አግኝቶ፣ ዕቃውን ይዞ ወርዷል" እል ነበር። ዕቃ ያልሁት የመፍቻ ከረጢቱን ነው። እሱም ከረጢቱም ከራሴ በላይ፣ ከሽምብራው ጆንያ ኋላ ናቸው።

ባሌ በወጣትነቱ ባሕር ዳር ብስክሌት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። መሬት ላራሹ ሲባል እኔም ይደርሰኛል ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እኔንም ያን ጊዜ አገባኝ። በእኛ አገር ብስክሌት በጣት የሚቆጠር ነበር፣ ያውም የመንግሥት። ሲበላሽ የሚመጣው እኛ ዘንድ ነው። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ጎማ ስይዝለት፣ ብረት ስጠርግለት እጄ ለመደ። ምነው ባለመደ ያልሁት ያን ቀን ነው።

ካድሬው የኋላውን ጎማ ብድግ አድርጎ አሽከረከረው። እንደ ወፍጮ አጉረመረመ።

"ኩሽኔታው አልቋል፤ አዲስ የብረት ጠጠር አምጥቻለሁ" አለና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አሳየኝ። "ባልሽስ?"

"ወገዳ ነው፣ ጌታዬ።"

"ጌታ የለም፤ ጓድ በይ።"

"እሺ፣ ጌታዬ።"

ትክ ብሎ አየኝ። "እንግዲያው አንቺው ሥሪው። ስታግዥው በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ቆላ መውረድ አለብኝ፤ እስክትጨርሺ እዚሁ ነኝ።"

"በምን እፈታዋለሁ? መፍቻው ከባሌ ጋር ነው" አልሁ። እርግጥ ይህን እንኳ አልዋሸሁም። ከኮርቻው ሥር ካለች ቦርሳ አንድ ጠፍጣፋ መፍቻ አውጥቶ ወረወረልኝ።

ቀትር ነበር። "ይሄ ፀሐይ ሰው ይገድላል" ብሎ ገባና መደቡ ላይ፣ ልክ ከቆጡ ሥር፣ ጋደም አለ። ማንጎራጎርም ጀመረ። እኔ ደጅ ተንበርክኬ ጎማውን ስፈታ ጆሮዬ ቤት ውስጥ ነው። ባሌ ቢያስነጥስ? ከጆንያው አንዲት ፍሬ ሽምብራ ካድሬው ፊት ላይ ጠብ ብትል? ዘንጉን ስመዘው ያረጁት ጠጠሮች ሰፌዱ ላይ ተዘረገፉ፤ ነቀዝ እንደበላው እህል ተቦርቡረዋል። የጎማውን እምብርት ነጭ ጋዝ በነከርሁት ጨርቅ ጠረግሁት። አዲሶቹ እንዲይዙ ደግሞ ግራሶ ያስፈልጋል። ግራሶው በጣሳ ነው፣ ጣሳው ከረጢት ውስጥ ነው፣ ከረጢቱ ላይ ነው። ምን ላድርግ? በካድሬው እግር በኩል አልፌ የጸጉር ቅቤዬን አመጣሁ።

"ምን ልትሆኚ ነው? ለጎማዬ ሹሩባ ልትሠሪለት?" አለኝ።

"ካልተቀባ ይጮህብዎታል፣ ጓድ።"

"ይኸውልሽ፣ ጓድ ማለት ቻልሽ!"

በአንዱ በኩል ዘጠኝ፣ በሌላው በኩል ዘጠኝ፣ ጠጠሮቹን ቅቤው ላይ አንድ በአንድ ተከልኋቸው። ዘንጉን መልሼ ሳስገባ የቆጡ እንጨት ሲጢጥ አለ። ባሌ እግሩ ደንዝዞበት ኖሯል። ካድሬው ማንጎራጎሩን አቆመ። ከመደቡ ቀና ሲል፣ ወደ ላይ ሲያይ በበሩ ታየኝ።

"ጓድ!" ብዬ ጮኽሁ። "ይምጡ፣ ቶሎ ይያዙልኝ፣ ጠጠሩ ሊፈስብኝ ነው!"

"እኔ ልያዝ?"

"ታዲያ ማን አለኝ? ባሌ ወገዳ ነው አልሁዎ እኮ!"

እያጉረመረመ ወጣ። ጎማውን አስታቀፍሁት። "አጥብቀው ይያዙ፣ አይልቀቁ!" እያልሁ አዘዝሁት፤ ካድሬ ማዘዜ እኔኑ አስፈራኝ። የውስጡን ብሎን በጣቴ ይዤ፣ ከላዩ የሚቆልፈውን በዚያችው በአንዷ መፍቻ አጠበቅሁ። አሽከረከረው፤ ድምፅ የለውም።

"ወንድ ነሽ!" አለኝ። ቅቤውን በአጥሩ ቅጠል ከእጁ ጠርጎ፣ "ባልሽ ሲመለስ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይምጣ፤ ስሙ ተጽፏል" ብሎኝ ብስክሌቱ ላይ ወጣና ቁልቁለቱን ያዘ።

ከዓይኔ እስኪጠፋ ደርቄ ቆምሁ። ስገባ ባሌ ከቆጡ ወርዶ እግሩን እያሸ ነው። ያቅፈኛል ብዬ ነበር።

"መፍቻው አንድ ብቻ ነው አይደል?" አለኝ።

"አዎ።"

"የውስጡን ብሎን በምን ያዝሽው?"

"በጣቴ።"

ዓይኑን ጨፈነ። "ውስጡ በአንድ መፍቻ ተይዞ፣ ውጩ በሌላ ነው የሚቆለፍ። ቁልቁለቱን ሳይጨርስ ይላላል።" ቀጥሎም፣ "ጠርተሽልኝ ላጥብቅለት ይሆን?" አለ። ግማሹ ቀልድ ነው። ግማሹ ግን እውነቱን ነው፣ አውቀዋለሁ፤ የላላ ጎማ ከደጁ ሰድዶ አያውቅም።

"ይወድቅ ይሆን?"

"ቢወድቅም አይሞት። ይመለሳል እንጂ። እየገፋ፣ ተቆጥቶ፣ ሚሊሻ አስከትሎ።"

ሌላ የምንማከረው አልነበረንም። ቆሎ ቋጠርሁ፣ ቡልኮ ያዝሁ፤ ከረጢቱን ተው ብለው እምቢ አለኝ። መምሸቱን ሳንጠብቅ በጓሮ፣ በገብሱ መሐል ጎንበስ ብለን ወጣን። ወደ ቆላው፣ ወደ ሲማዳ ከሚያወርዱት መንገዶች ደልዳላውን ለካድሬው ትተን፣ ፍየል እንኳ የምትጠነቀቅበትን ገደላ ገደል መረጥን። በየመታጠፊያው እየቆምን እናዳምጣለን።

አንዱ ቋጥኝ ሥር ስንደርስ፣ ከሸለቆው ማዶ፣ ከደልዳላው መንገድ፣ ሰው ጮኾ ሲሳደብ ሰማን። የእኔንም ስም ጠራ።

"የግራው ብሎን ነው የላላ" አለ ባሌ በሹክሹክታ። እጄን ያዘና መሮጥ ጀመርን።